ደላላ የመረጥንበት ዓመት

ባለቤቴን ከሆስፒታል ያመጡት ሁለት የአምቡላንስ ሠራተኞች ነበሩ። ከነተሽከርካሪ ወንበሩ ተሸክመው አራተኛ ፎቅ አወጡትና ሳሎኑ መሃል አስቀመጡት። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም፤ ስኳር በሽታ ወስዶታል። ከሁለቱ አንደኛው ላቡን እየጠረገ፣

«ማዓሊት የላችሁም እንዴ?» አለኝ። አሳንሰር ማለቱ ነው።

«የለንም።»

«ታዲያ ከእንግዲህ እንዴት ሊወርድ ነው?»

ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ወረቀቱን ፈረምሁላቸውና ሄዱ። ደረጃውን እየሮጡ ሲወርዱ ኮቴያቸው እስከ ታች ተሰማን።

ቤቱን ስንገዛው ሁለታችንም ወጣቶች ነበርን። እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ውስጥ ድሮ ለስደተኛ ተብለው ከተሠሩት ረጃጅም ሕንፃዎች አንዱ ነው፤ ግንቡ የተላላጠ፣ ደረጃው ጠባብ። ባለቤቴ ያኔ ሮሽ ሃዓይን ከተማ አንድ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። አንድ ከረጢት ድንች በትከሻው፣ ልጃችንን በክንዱ ይዞ አንዴም ሳያርፍ አራቱን ፎቅ ይወጣ ነበር። ነፋሱን ነው የወደድነው። ሻጩ መስኮቱን ሲከፍትልን መጋረጃው ወደ ላይ ተነሣና «ይህ ደጋ ነው» አለኝ ባለቤቴ። ደረጃውን ማን አሰበው? ሰው ቤት ሲገዛ እርጅናውን አያስብም።

እኔ የምሠራው ጋኔይ ቲክቫ ነው፤ አንዲት አሮጊት እጦራለሁ። ያሉበት ሕንፃ አሳንሰሩ ከነወንበራቸው ያስገባናል፣ ዞር ብንልበትም ቦታ ይተርፋል። በየቀኑ ጧት አለባብሼ፣ ባርኔጣቸውን አድርጌላቸው፣ ወደ መናፈሻው አወጣቸዋለሁ። ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ወፍ ያያሉ። ቀትር ላይ መልሼ አስገባቸዋለሁ። ከዚያ በሁለት አውቶቡስ ወደ ቤቴ እመለስና፣ ፀሐይን በመስኮት ብቻ ወደሚያየው ባለቤቴ አራት ፎቅ እወጣለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉ ነበር እናቶቻችን። እኔን አይተው የተናገሩት ይመስለኛል።

በበዓልም፣ በሰንበትም፣ ሰው ሲሞትም ወደ ታች መውረድ ቀረበት። ጓደኞቹ መጀመሪያ በየሳምንቱ መጡ፤ ኋላ በየወሩ። እነሱም ጉልበታቸው ደክሟል፤ አልፈርድባቸውም። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፤

«ምድር ቤት ያለው ቤት ቢገኝ፣ ደጃፉ ላይ ወንበሬን አድርጌ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ብል ይበቃኝ ነበር።»

ከሰው ዘንድ የለመነው እሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ቤታችንን ሸጠን ምድር ቤት ልንገዛ ቆረጥን። ደላላ ያስፈልገናል።

እኛ ሰፈር አንድ ደላላ ነበር። ቢሮው ከፀጉር አስተካካዩና ከሎተሪ ሻጩ መካከል ተጣብቆ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ማራገቢያ ብቻ ያለው። መስታወቱ ላይ በዕብራይስጥና በአማርኛ የእጅ ጽሑፍ ለጥፎ ነበር። የእኛው ልጅ ነው፤ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ፣ አሁን ሽበት ጣል ጣል ያለበት ሰው። እናቱን ከጎንደር ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ገባሁና ነገሩን ነገርሁት። በማግሥቱ ራሱ ቤታችን መጣ።

ያን ቀን ያደረገውን አልረሳውም። እንደ አገራችን ደንብ ጎንበስ ብሎ የባለቤቴን ጉልበት ሳመ። ሁለቱንም። የተቆረጠውን አልዘለለውም። ባለቤቴ እግሩ ከተቆረጠ ወዲህ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወዴት እንደሚያደርገው ሲጨነቅ ነበር የሚያየው፤ ይህ ልጅ ግን ምንም እንዳልጎደለ ሆኖ ሳመውና አጠገቡ ተቀመጠ። ሁለቱ ብዙ አወሩ። ቤቱን ያየው ከጨዋታው በኋላ ነው።

ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ፣

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ። «ይህ ቤት ቶሎ አይሸጥም። ሕንፃው አሮጌ ነው፣ አሳንሰር የለውም፣ የሚኖርበትም የእኛ ሰው ነው። ፈረንጁ ታች ቆሞ የደወሉ ሰሌዳ ላይ ያለውን ስም አንብቦ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን በትዕግሥት ይሸጣል። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ የሚገቡበትን እንፈልግ። ከዚህ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ አንዲት አሮጊት ምድር ቤት አላቸው። ጊቫት ሽሙኤል ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ባናግራቸው ይጠብቁናል። ደጃፉ አንድ እርከን ብቻ ነው ያለው፤ እሱንም በሲሚንቶ እናስተካክለዋለን።»

ባለቤቴ ፊቱ በራ። «ደጃፉ ወደ መንገድ ነው ወደ ጓሮ?» ብሎ ጠየቀ።

«ወደ መንገድ፣ አባባ። ሰው የሚያልፍበት።»

ልጁ ወረደ። ባለቤቴ «ይህ የተባረከ ነው፤ ለሱ እንስጠው» አለኝ። እኔ «እናስብበት» አልሁ።

ለምን እንደዚያ እንዳልሁ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱን ግን አውቀዋለሁ።

ሴት ልጃችን የዚያን ሳምንት መጣች። የተማረች ናት፤ ቢሮ ትሠራለች። እኔ በአማርኛ ስነግራት በዕብራይስጥ ነው የምትመልስልኝ፤ እማዬ ለማለት እንኳ «ኢማ» ነው የምትለኝ።

«ኢማ፣ እሱ ዘንድ ማን ይሄዳል? እኛው ብቻ። የሀበሻ ቤት በሀበሻ ደላላ ለሀበሻ ልትሸጪ ነው? ዋጋውን ይጥሉታል። ትልቁ ድርጅት ጋ ሂጂ። በየከተማው ቢሮ አላቸው፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ማስታወቂያ ያወጣሉ። ስልኩን የሚያነሣው ሰው ዕብራይስጡ እንደነሱ ነው፤ ገዢው የማን ቤት እንደሆነ ሳያውቅ ይመጣል።»

ባለቤቴ «ልጁ ግን ምድር ቤቱን…» ብሎ ጀመረ።

«አባ፣ ምድር ቤት በየቦታው አለ።»

ሰው ቢጠይቀኝ ልጄ መከረችኝ እላለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እሷ ከመናገሯ በፊት፣ ልጁ ገና ደረጃውን ሳይጨርስ፣ እኔ ራሴ አስቤው ነበር። የእጅ ጽሑፉን፣ ማራገቢያውን፣ ጥቁር ፊቱን አይቼ «ይህ ምን አቅም አለው» ብያለሁ በልቤ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰዎች ፊቴን አይተው ሲመዝኑኝ የኖርሁ ሴት፣ የጎረቤቴን ልጅ በዚያው ሚዛን መዘንሁት።

ትልቁ ድርጅት ጽሕፈት ቤቱ ባለመስታወት ነው። ውስጡ ይበርዳል። ግድግዳው ላይ የቤቶች ፎቶ እየተቀያየረ ይታያል። የተቀበለችን ወጣት ሴት ስትስቅ ጥርሷ ያምር ነበር። እጄን በሁለት እጇ ይዛ «ነሻማ» አለችኝ፤ ነፍሴ ማለቷ ነው። እንደዚያ ያለ ሰው ነፍሴ ሲለኝ፣ ምን ልደብቅ፣ ደስ አለኝ። ወረቀት አቀረበች። ለግማሽ ዓመት ቤቱን ከእነሱ በቀር ማንም እንዳይሸጠው የሚል ነው። ልጄ ቶሎ ቶሎ አነበበችው። «በሰደር፣ ደህና ነው፣ ኢማ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያስፈርሙት» አለች። ፈረምሁ።

ለሰፈሩ ልጅ መንገር ነበረብኝ። አልነገርሁትም። በዚያ መንገድ ማለፍ ትቼ በማዶ በኩል መሄድ ጀመርሁ። እሱ ግን ሳልነግረው አወቀ፤ የድርጅቱ ትልቅ ማስታወቂያ ሰገነታችን ላይ ተሰቅሎ ከመንገድ ይታያል። አንድ ቀን ከፀጉር አስተካካዩ ሲወጣ ፊት ለፊት ተገናኘን።

«እንደምን አሉ እትዬ? አባባ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ ልጄ።»

ሌላ ምንም አላለኝም። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነፍሴ ያለችኝ ሴት ቤቱን ልታዘጋጅ መጣች። እየዞረች በጣቷ አመለከተች። የወላጆቻችን ፎቶ ይውረድ። የሠርጋችን ፎቶ ይውረድ። እናቴ የፈተለችው ጋቢ ከሶፋው ላይ ይነሣ። ገዢ ሊመጣ ሲል ወጥ አይሠራ፣ ሽታው ይቀራል። «ክፉ አድርገሽ አትውሰጂው፣ ነሻማ። ለሁሉም እንዲህ እላለሁ። ገዢው የራሱን ሕይወት ነው ማየት ያለበት እንጂ የናንተን አይደለም።» እውነት ለሁሉም ትል ይሆናል። እኔ እንጃ። ሁሉንም በካርቶን አድርጌ አልጋ ሥር ከተትሁት። ፎቶ አንሺው ሲጨርስ ያሳየኝ ቤት ሰፊና ብሩህ ነው፤ ማንም የኖረበት አይመስልም።

ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ወጣት ባልና ሚስት፣ እርጉዝ ሴት ከእናቷ ጋር። በሩ ሲከፈት ፈገግ ይላሉ፤ እኔን ሲያዩ ፈገግታው ባለበት ይቆያል፤ ባለቤቴን ከነወንበሩ ሳሎን ሲያዩት ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው። ክፍሎቹን በችኮላ አይተው ያመሰግኑና ይወርዳሉ። በአራተኛው ጊዜ ይሁን በአምስተኛው፣ ሴትዮዋ እኔን ወደ ኩሽና ወሰደችኝ።

«ስሚኝ፣ ለናንተ ብዬ ነው። ሰዎች ሲመጡ ቤት ውስጥ ማንም ባይኖር ይመረጣል።»

«እኔ እወጣለሁ። እሱ ግን አይወርድም፤ ታውቂያለሽ።»

ዓይኗ ወደ ልብስ ማስጫዋ ሰገነት ሄደ። ጠባብ ናት፤ ማጠቢያ ማሽኑና መጥረጊያው ያሉባት፣ በሯ ከኩሽናው የሚዘጋ።

«ሩብ ሰዓት ብቻ» አለችኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ያን ቀን «ውጪልኝ!» ብዬ በሩን መክፈት ነበረብኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ ባለቤቴ ሄድሁና ወንበሩን እየገፋሁ፣

«ና፣ ትንሽ ነፋስ ውሰድ» አልሁት።

ሳሎናችን አራት መስኮት ያለው ነው፤ ነፋስ የጠፋው እዚያች ማስጫ ላይ ነው። ባለቤቴ አንዴ አየኝ።

«ከልብሱ ጋር ልታሰጪኝ ነው?» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሩን ዘጋሁበት።

እንዲህ እያደረግን ስንት ጊዜ እንዳሳለፍን አልቆጠርሁም። በጋው ገብቷል፤ ማስጫዋ እንደ ምድጃ ትፋጅ ነበር። አንድ ጠርሙስ ውሃ እሰጠውና እዘጋለሁ። እኔ ታች ወርጄ ዛፍ ሥር እቆማለሁ። ሴትዮዋ እውነቷን ነበር፤ እኛ ከዓይን ስንጠፋ ሰዎቹ ረዘም አድርገው ይቆዩ ጀመር። እንዲያውም አንድ ሰው ከሚስቱ ጋር ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጣ። በሁለተኛው ጊዜ እኔ ታች አልወረድሁም፤ ሴትዮዋ «ዛሬ ወረቀት የምትፈርሚ ይመስለኛል» ብላ ኩሽና አስቀመጠችኝ። ሰውዬው ሁሉን ለክቶ ጨረሰ። ከዚያ «ይህችስ?» ብሎ የማስጫዋን በር ሳብ አደረገ።

ባለቤቴ እዚያ ነው። ከራሱ በላይ እርጥብ አንሶላ ተሰጥቷል። ላቡ በአገጩ ይወርዳል፤ ጠርሙሱን ጭኑ ላይ ይዞታል። ቀና አለና፣ በሥርዓት፣ እንደ አባወራ፣ «ሻሎም» አለው።

ሰውዬው ሰው ያለበት መጸዳጃ ቤት እንደከፈተ ሁሉ «ይቅርታ!» ብሎ በሩን መልሶ ዘጋው።

ዘጋው። በባለቤቴ ላይ፣ በገዛ ቤቱ። እኔ ተቀምጬ እያየሁ።

ሰዎቹ ቶሎ ሄዱ። ሴትዮዋም «እደውልልሻለሁ» ብላ ተከተለቻቸው። በሩን ከፍቼ ወንበሩን አወጣሁት። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። ፊቱን በፎጣ ስጠርግለት እንዲህ አለኝ፤

«ሰው ሲደብቀኝ ይህ ሁለተኛዬ ነው።»

«መጀመሪያው የት ነበር?»

«በሱዳን መንገድ። ሽፍቶች ሲመጡብን እናቴ ከሣር ክምር ውስጥ ከተተችኝ። ትንፋሼን ይዤ ዋልሁ። ያን ጊዜ የደበቁኝ እዚህ አገር በሕይወት እንድገባ ነበር።»

አርባ ዓመት ሊሞላን ምን ቀረው፣ አብረን ስንኖር ይህን ነግሮኝ አያውቅም። እግሩ ሥር ተቀመጥሁና አለቀስሁ። ራሴን በእጁ ዳበሰኝ። እኔን የሚያጽናና እሱ ሆነ።

በማግሥቱ ወደ ድርጅቱ ደወልሁ። ውሉ ይፍረስልኝ፣ ቤቴን አልሸጥም አልሁ። መጀመሪያ ማሽን መለሰልኝ፤ ይህን ቁጥር ተጫኑ፣ ያን ተጫኑ። ቆይቶ አንድ ወንድ አነሣ። ነፍሴ ያለችኝ ሴት ሥራ ለቃለች አለኝ። የእኛን ጉዳይ ማን እንደያዘው ያጣራል። ውሉ ግን ጊዜው እስኪያልቅ አይፈርስም። «መልካም ቀን።» ሌላ ሰው ዳግመኛ ደጃችንን የረገጠ የለም። ማስታወቂያቸው ግን ሰገነታችን ላይ ፀሐይ እያቃጠለው ከረመ።

ከብዙ ማመንታት በኋላ ወደ ሰፈሩ ልጅ ሄድሁ። ልለምነው ነው፤ ይቅርታ ልጠይቀው፤ ስለዚያች ምድር ቤት ልጠይቀው። በሩ ክፍት ነበር። እሱ ተንበርክኮ ወረቀቶችን በካርቶን ይከታል፤ መስታወቱ ላይ የነበሩት ጽሑፎች ተልጠዋል።

«ይግቡ እትዬ» አለ፤ ብድግ ብሎ ወንበሩን ጠረገልኝ።

«ቤት ልትቀይር ነው?»

«ልዘጋ ነው። አውቶቡስ ልነዳ ተመዝግቤያለሁ።»

ስለ ምድር ቤቱ መጠየቅ አፈርሁ፤ እሱ ራሱ አነሣው።

«አሮጊቷ ሁለት ወር ጠበቁን። እሺ ይሉዎታል፣ ትንሽ ይታገሡ እያልሁ አቆየኋቸው። ኋላ ልጃቸው አጣደፋቸውና ለሌላ ሰው ሸጡት። እኔም የእናንተ ማስታወቂያ ከተሰቀለ በኋላ እንኳ ጠበቅሁዎት፤ ይመለሳሉ ብዬ።»

«ልጄ፣ በድዬሃለሁ» አልሁት። «አንተን ንቄ ነው የሄድሁት። ፈረንጅ ገዢ አንተን አያምንም ብዬ ነው።»

ካርቶኑን በፕላስተር አሸገ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነው የነበረበት።

«እርስዎ ብቻ አይደሉም፣ እትዬ። ፈረንጆቹ ስለማያምኑኝ አይመጡም። የእኛ ሰዎች ደግሞ ፈረንጆቹ አያምኑትም ብለው አይመጡም። ታዲያ እኔ ለማን ልክፈተው?»

ካርቶን እንኳ ልሸከምለት ብል «ይተዉት፣ ወገብዎትን» አለኝ።

እውነትም ወገቤን ያኔ ያመኝ ጀምሮ ነበር። ባለቤቴን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ ማንሣቱ፣ ጧት ደግሞ ጋኔይ ቲክቫ አሮጊቷን ማንሣቱ ተደራርቦ፣ በክረምቱ መጀመሪያ አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይዤው አብረን ወደቅን። እሱ ላይ ምንም አልደረሰም። እኔ ግን መነሣት አቃተኝ። ጎረቤት ጩኸታችንን ሰምቶ በሩን ሰብሮ እስኪገባ ድረስ ሁለታችን እርጥቡ ወለል ላይ ጎን ለጎን ተጋድመን፣ ጣሪያውን እያየን ቆየን። «ከእንግዲህ አይሆንም» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። እኔም ይሆናል አላልሁትም።

ሐኪሙም፣ ማኅበራዊ ሠራተኛዋም፣ ልጃችንም ተነጋገሩ። ሮሽ ሃዓይን አንድ የአረጋውያን ቤት ተገኘ። የወሰዱት ቀን እንደገና ሁለት ሰዎች በወንበር ተሸክመው አወረዱት። ጎረቤቶች በየፎቁ በራቸውን ከፍተው ቆመዋል። እሱ ለያንዳንዱ ራሱን ዝቅ እያደረገ፣ «ደህና ሁኑ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያለ ወረደ። ታች ሲደርስ «አንዴ አቁሙኝ» አላቸው። እግሩን ከወንበሩ መርገጫ አነሣና ጫማውን መሬት ላይ አሳረፈው። ጥቂት እንደዚያ ቆየ። ከዚያ መኪናው ውስጥ አስገቡት።

ያለበት ቤት ንጹሕ ነው። አሳንሰርም አለው፣ መናፈሻም አለው። አማርኛ የሚናገር ግን አንድም ሰው የለም፤ የእሱ ዕብራይስጥ ደግሞ የፋብሪካ ዕብራይስጥ ነው፤ አንሣ፣ አውርድ፣ ጨርሻለሁ፣ ደህና ዋል። በዚያ ምን ጨዋታ ይጫወታል? ቀስ በቀስ ዝም እያለ መጣ። እኔ ስሄድ እንኳ ቃል ከአፉ ፈልጌ ነው የማወጣው። አንዲት ከሩቅ አገር የመጣች ሠራተኛ ታጎርሰዋለች፤ ደግ ትመስለኛለች። ስሙን አስተካክላ መጥራት አልቻለችም፤ እሱም ማረሙን ትቶታል።

ልጄ አንድ ሰንበት ቤት መጥታ ከእኔ ጋር ስትበላ፣ «አሁንማ ቤቱ በቀላሉ ይሸጣል፣ ኢማ» አለችኝ። ያለችውን የሰማችው ካለችው በኋላ ነው። ማንኪያዋን አስቀምጣ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ብዙም ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። አልተቆጣኋትም። ሁለታችንም ያው ነን።

ባለፈው ዓርብ ሄጄ ጢሙን ላጨሁለት። መስኮቱ አጠገብ ነበር። ምላጩን ሳነሣ፣

«ቤቱ ውስጥ ማን አለ?» አለኝ።

«እኔ አለሁ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«እንግዲያ ገዢዎቹ መጥተው ማየት ይችላሉ» አለ።

ሳሙናውን ከጆሮው ሥር ጠረግሁለት፤ አንገቱ ቀጥኗል። ብርድ ልብሱን ጭኑ ላይ አስተካከልሁ። ዓርብ ለሰንበት አውቶቡሱ ቀድሞ ሥራ ስለሚያቆም ብዙ መቀመጥ አልቻልሁም።